የታጠበው ኦርጋን

ቅዳሜ ጠዋት ላሞቹን አልቤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስገባ ኦርጋናችን ሣር ላይ ተሰጥቶ አገኘሁት።

ሙሉው አይደለም። ትልልቆቹ የእንጨት ቧንቧዎች፣ ሣጥኑና ወናፉ በቦታቸው ነበሩ። ከፊታቸው በሦስት ረድፍ የሚቆሙት መቶ ሠላሳ አምስት የብረት ቧንቧዎች ግን አንድ ሳይቀር ወጥተዋል። ክንድ የሚያህሉት፣ ስንዝር የሚያህሉት፣ ከእርሳስ የማይበልጡት፣ ሁሉም ነጭ አንሶላ ላይ ተጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ። ታጥበዋል! ያብረቀርቃሉ! ከባሕሩ ግድብ የሚመጣው ነፋስ በአፋቸው ላይ ሲያልፍ አንዳንዶቹ በራሳቸው ያቃስታሉ።

"ትያርክ! ና እስቲ እይ!" አሉኝ እትዬ ፍራውኬ፣ እጅጌያቸውን እስከ ክንዳቸው እንደሰበሰቡ። "የመቶ ዓመት ጥላሸት ነው ያወጣንለት። ውሃው እንዴት እንደጠቆረ ብታይ ጉድ ትላለህ!"

"በምን አጠባችኋቸው?"

"በወተት ገንዳዬ ነዋ። በሙቅ ውሃና በሶዳ።"

እትዬ ፍራውኬ የመንደራችን ትልቁ እርሻ ባለቤትና የሴቶቹ ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። እዚህ ኦልደቫርፍ መንደር ውስጥ እንግዳ ይመጣል ከተባለ የማይታጠብ ነገር የለም። የበሩ ደፍ ይታጠባል፣ የመንገዱ ጡብ ይታጠባል፣ የላሞቹ ጅራት ሳይቀር ይታጠባል። የዚያን ቀን የሚመጣው እንግዳ ደግሞ ከእንግዶች ሁሉ ትልቁ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዋናው ከተማ የኦርጋን መርማሪዋ ወይዘሮ ሎህማን በዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ። ባለፈው ዓመት የተጻፈው ሪፖርት ኦርጋናችን እንደ ጃጀ፣ የሚያውቀውም ሰው እንደሌለ ይናገራል። እሳቸውም በዚህ ከተስማሙ ቧንቧዎቹ ተነቅለው ወደ ሙዚየም ይሄዳሉ፣ ለእኛ ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚሰካ የኤሌክትሪክ ሣጥን ይመጣል። ኦርጋኑን ሃምሳ ዓመት የተጫወቱት እትዬ ቴዳ ስለዚያ ሣጥን ሲነሣ፣ "እንኳን ልጫወትበት የሻይ ትሪ አላስቀምጥበትም" ይላሉ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ቤቴ ለቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ስለሆነ የበሩ ቁልፍ የሚቀመጠው እኔ ጋ ነው። ዓርብ ማታ እትዬ ፍራውኬ መጥተው፣ "ወለሉን ልናጥብ ነው፣ ቁልፉን ስጠኝ" አሉኝ። ሰጠኋቸው። ኦርጋኑን እንዳትነኩ ማለት ፈልጌ ነበር። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እኔ ሰው ፊት ስቆም ቃሉ ሁልጊዜ እዚያው ነው የሚቀረው።

"በምን ቅደም ተከተል አወጣችኋቸው?" አልኩ።

"ደግሞ ቅደም ተከተል! ከትልቅ ወደ ትንሽ መልሶ መደርደር ነው። ምን ይከብዳል?"

ቧንቧዎቹ ሣጥኑ ውስጥ ከትልቅ ወደ ትንሽ አይቆሙም። አንዱ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛው እንደገና ወደ ግራ እየሄደ ነው የሚቆሙት፣ በጭፈራ ላይ ፊት ለፊት እንደሚቆሙ ሰዎች። ሦስቱ ረድፎች ደግሞ ሦስት ዓይነት ድምፅ አላቸው። የሠራቸው ሰው እያንዳንዱ ላይ ፊደል ጭሮበታል፣ ግን ያው ፊደል አሥር ቧንቧ ላይ ይገኛል። አንዱ ቦታውን ከሳተ መዝሙሩ መሐል ላይ እንደ ተረገጠ ውሻ ይጮሃል። እዚህ ደግሞ መቶ ሠላሳ አምስቱም ተደባልቀዋል።

እትዬ ቴዳ በብስክሌታቸው ደረሱ። አንሶላዎቹን አዩ። ብስክሌታቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉና ሰዓታቸውን ተመለከቱ።

"አራት ሰዓት ተኩል ነው" አሉ። "አራት ሰዓት ተኩል ጊዜ አለን። ትያርክ፣ ምን እናድርግ?"

"እኔን ነው የሚጠይቁት?"

"ታዲያ ማንን ልጠይቅ? ፍራውኬን?"

እውነታቸውን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በየፀደዩ የቧንቧዎቹን ድምፅ የሚያስተካክሉት ቃኚ ሽማግሌ ሲመጡ የኦርጋኑን ቁልፎች በጣት የምጫንላቸው እኔ ነበርኩ። እሳቸው ሣጥኑ ውስጥ ሆነው እየቃኙ "ቀጥል!" ሲሉኝ ወደሚቀጥለው እሻገራለሁ። በስድስት ዓመት የእያንዳንዱን ቧንቧ ድምፅ እንደ ጎረቤቶቼ ድምፅ ለይቼ አወቅኩት። ቃኚው ከሞቱ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ወናፉ ሲቀደድ በበግ ቆዳ የምለጥፈው፣ በክረምት እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ሣጥኑ ውስጥ የውሃ ባልዲ የማስቀምጠው፣ ብሉንም የማባርረው እኔ ነኝ። ይህን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

"ሰው ያስፈልገናል" አልኩ በቀስታ። "ብዙ ሰው።"

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሼ ሂንደርክ ይህን ሲሰሙ ወደ ደወሉ ሮጡ። ደወሉ በቅዳሜ ጠዋት ሲጮህ መንደሩ እሳት የተነሣ መሰለው። ወንዶቹ ባልዲ ይዘው፣ አንዱም መሰላል ተሸክሞ፣ ሴቶቹ የሊጥ እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ መጡ። ሃምሳ የሚሆን ሰው ግቢውን ሞላው።

"የቱ ጋ ነው የሚቃጠለው?"

"ምንም አልተቃጠለም። ፍራውኬ ኦርጋኑን አጥባው ነው።"

"ጎሽ! ታዲያ ለምን ተጠራን? እናድርቀው?"

ሳቁ ተነሣ። አንዱ አጎንብሶ ቧንቧ ሲያነሣ፣ ሌላው ሲከተለው፣ ሁለት ሕፃናት እንደ ፊሽካ ሊነፉ ሲሞክሩ አየሁ። ብረቱ እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው፣ ጠበቅ አድርጎ የያዘው ሰው ያጎብጠዋል። "እባካችሁ" አልኩ። ማንም አልሰማኝም። "እባካችሁ አትንኩ" አልኩ። አሁንም አልሰሙኝም። እትዬ ቴዳ ከአግዳሚው ሆነው ያዩኛል።

"አስቀምጡ!" ብዬ ጮህኩ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ደነገጥኩ።

"ጓንት የሌለው ሰው ቧንቧ አይነካም! አትቀፉት፣ እግሩን ብቻ ያዙ! ብረቱ በእጃችሁ ከሞቀ ድምፁን ይቀይራል፣ ይዋሻል!"

"አንተም ትጮሃለህ እንዴ?" አሉ እትዬ ፍራውኬ። ከዚያም ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ "ምን ትጠብቃላችሁ? ጓንት አምጡ ተብላችኋል!"

የክረምት ጓንት፣ የአትክልት ጓንት፣ የላም ማዋለጃ ጓንት ሳይቀር መጣ። መጀመሪያ ወፍራሞቹን፣ መካከለኞቹንና ቀጫጭኖቹን ለይተን በሦስት አንሶላ ላይ አደረግን። ረድፎቹ የሚለዩት በውፍረታቸው ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቧንቧ አስይዤ እንደ ትምህርት ቤት ሰልፍ በቧንቧቸው ቁመት አሰለፍኳቸው። ጋሼ ሂንደርክ ረጅሙን ይዘው በአንድ ጫፍ፣ የሦስት ልጆች እናት የሆነችው ሚስታቸው ትንሹን ይዛ በሌላው ጫፍ ቆሙ። እትዬ ቴዳ ኦርጋኑ ወዳለበት ሰገነት ወጡ፣ የቤተ ክርስቲያኑም በር ወለል ብሎ ተከፈተ። እሳቸው ከእንጨት ቧንቧዎቹ አንድ ድምፅ ያሰማሉ፣ ከታች ያለው ሰልፍ በየተራ ይነፋል፣ የተስማማው እጁን ያነሣል።

"ፉ!"

"የኔ ነው!"

"የአንተ አይደለም፣ የአንተማ የታመመ ዶሮ ነው!"

"እንደገና!"

እንዴት ያለ ጩኸት ነበር! እትዬ ፍራውኬ ጉንጫቸው እስኪቀላ ነፉ፣ ሲሳካላቸውም ጨረታ እንዳሸነፈ ሰው እየዘለሉ ቧንቧቸውን አነሡ። ስሙ ሲጠራ እንኳ ቀስ ብሎ ዞር የሚለው ጫማ ሰፊው "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!" እያለ ሲሮጥ አየሁት። የተለየውን ቧንቧ ሰዎቹ በደረጃው ላይ ተደርድረው ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፉልኛል፣ እኔ ሣጥኑ ውስጥ ተንበርክኬ በቦታው እተክለዋለሁ። ግራ። ቀኝ። ግራ። ወፍራሙ ረድፍ አለቀ!

መካከለኛውን እንደ ጀመርን፣ ገና ሰባት ሰዓት ላይ፣ አንዲት ቢጫ መኪና በግድቡ መንገድ ስትመጣ ከላይ ያዩት እትዬ ቴዳ ነበሩ።

"መጡ!" አሉ። "ሁለት ሰዓት ቀድመው መጡ!"

ጋሼ ሂንደርክ ቧንቧቸውን አቀበሉና ኮፍያቸውን አስተካከሉ። "እናንተ ሥራችሁን ሥሩ" አሉ። "እኔ ሻይ አጠጣቸዋለሁ።" ለሚስታቸውም በጆሮዋ ሹክ አሏት። "ማንኪያዎቹን ደብቂ። ሁሉንም።"

እኛ ዘንድ እንግዳ ከሦስት ስኒ በታች ጠጥቶ አይነሣም። ከሦስት በኋላ የበቃው እንግዳ ማንኪያውን ስኒው ውስጥ ያስቀምጣል። ያን እስኪያደርግ ድረስ ባለቤቱ ይቀዳል፣ እንግዳውም ይጠጣል። ማንኪያ ከሌለ ማቆሚያ የለም።

በቤታቸው ውስጥ የሆነውን ጋሼ ሂንደርክ ከዚያ ወዲህ ሃያ ጊዜ ነግረውናል። ወይዘሮ ሎህማን ቀጭን፣ ግራጫ ካፖርት የለበሱ ሴት ናቸው። ስኒው ውስጥ የተጣለው ድንጋይ ስኳር ትኩስ ሻይ ሲፈስበት ሲሰነጠቅ ሰሙ፣ ወተቱም እንደ ደመና ሲነሣ አዩና ሦስት ስኒ ጠጡ። ቀጥሎ በስኒው ዙሪያ ተመለከቱ።

"ማንኪያ የለም?"

"አሁን ይመጣል" አሉ ጋሼ ሂንደርክና አራተኛውን ቀዱ።

ከግቢው "ፉ!" የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎም ረጅም ጩኸት መጣ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"በጎች ናቸው።"

"በጎቻችሁ ዜማ ይችላሉ?"

"ነፋሱም ያግዛቸዋል።" አምስተኛውን ቀዱ።

"የኔ ነው! የኔ ነው!" የሚል የእትዬ ፍራውኬ ድምፅ በመስኮቱ ገባ።

"እሷስ?"

"እሷ... እሷ የበጎቹ ባለቤት ናት።" ስድስተኛውን ቀዱ።

እኛ ግን እንሮጥ ነበር! መካከለኛው ረድፍ አለቀ። ቀጭኑ ተጀመረ። ሰዎቹ ዘዴውን ለምደውት እኔ ሳልናገር እርስ በርሳቸው ይተራረሙ ነበር። አርባ፣ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል አርባ አራተኛውን ተከልኩና እጄን ለመጨረሻው ዘረጋሁ።

እጄ ባዶ ቀረ።

"አለቀ" አለኝ ከደረጃው ላይ ያለው ጫማ ሰፊ።

"አላለቀም! አንድ ይቀራል! ትንሹ፣ የመጨረሻው!"

ሣሩ ተዳበሰ። አንሶላው ተራገፈ። የሽርጥ ኪስ ሁሉ ተገለበጠ። እትዬ ፍራውኬ ወደ ወተት ገንዳቸው ሮጠው እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ነክረው ፈለጉ። የለም! ትንሹ ቧንቧ ከሌለ እትዬ ቴዳ በመዝሙሩ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ድምፁ ወደ ጉድጓድ ይወድቃል፣ ወይዘሮ ሎህማንም ሪፖርቱ ልክ ነው ይላሉ።

ያኔ ሰማሁት። ከሩቅ፣ ከግድቡ በኩል፣ ቀጭንና ጥርት ያለ ፉጨት ነበር። አንድ ጊዜ ረጅም፣ ሁለት ጊዜ አጭር።

"እሱ ነው!" አልኩ። "ያ ድምፅ እሱ ነው!"

ከደረጃው ዘልዬ፣ የእትዬ ቴዳን ብስክሌት አንሥቼ በረርኩ። ግድቡ ላይ በግ ጠባቂው ኦኮ ቆሟል። ውሻው መንጋውን ይዞራል። ኦኮ አፉ ላይ የኦርጋናችንን ትንሹን ቧንቧ ይዟል።

"ኦኮ! ስጠኝ!"

"ቀስ በል እንጂ፣ ልትሞት ነው እንዴ? ፊሽካዬ ትናንት ቦዩ ውስጥ ገባብኝ። ጠዋት ሳልፍ ይሄን አየሁት። ከዚያ ሁሉ አንዱ ቢጎድል ማን ያውቃል ብዬ ነው።"

"እኔ አውቃለሁ!"

ኦኮ አየኝ፣ ሳቀ፣ ቧንቧውን ጠርጎ አቀበለኝ። "ውሻዬ ግን ወዶታል" አለ።

ስመለስ ወይዘሮ ሎህማን ከጋሼ ሂንደርክ ቤት እየወጡ ነበር። በኋላ በር ገብቼ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ፣ ቧንቧውን በቀዳዳው ላይ ስተክለው የፊቱ በር ተከፈተ። ሃምሳ ሰው በየአግዳሚው ተቀምጧል፣ ጓንት እንዳጠለቀ፣ ሽርጡ እንደ ረጠበ፣ እንደ እሑድ ጸጥ ብሎ ያለከልካል።

ወይዘሮ ሎህማን ሰዉን ከግራ ወደ ቀኝ አዩ። የላም ማዋለጃውን ጓንት ትንሽ ረዘም አድርገው አዩት።

"ይጫወቱልኝ" አሉ ወደ ላይ።

እትዬ ቴዳ እጃቸውን አሳረፉ።

እንዴት ብዬ ልናገረው? ያ ኦርጋን ዕድሜዬን ሙሉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሲናገር የሰማሁት ነው። አሁን ልብሱን ጣለ! ድምፁ ጣሪያውን መታ፣ መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ፣ እትዬ ፍራውኬ በአፋቸው ላይ እጃቸውን ጫኑ። በሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን መካከለኛው ረድፍ ውስጥ አንድ ነገር ተንሻፈፈ፣ ጥቂት ቆይቶም በሌላ ቦታ ተንሻፈፈ። ወይዘሮ ሎህማን ቅንድባቸውን አነሡ። ሰምተዋል።

ዝም ብል ማን ያውቃል? ምናልባት የእርጅና ነው ይሉ ይሆናል። ምናልባትም ሪፖርቱ ላይ ይጨምሩታል። እግሬ ቀድሞኝ ቆመ።

"ሁለት ቧንቧዎች ቦታ ተለዋውጠዋል" አልኩ ከላይ ሆኜ። "የእኔ ስህተት ነው። አሁን አስተካክላለሁ።"

ወደ ሣጥኑ ገባሁ። አንዱን ከግራ፣ ሌላውን ከቀኝ አንሥቼ አለዋወጥኳቸው። ስዞር ወይዘሮ ሎህማን የእጅ ባትሪ ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። ብርሃናቸው በወናፉ ላይ ወዳሉት የበግ ቆዳ ልጣፎች ሄደ። ወደ ባልዲዎቹ ሄደ። ከዚያ በሣጥኑ በር ጀርባ ላይ ወደ ለጠፍኩት ወረቀት ሄዶ ቆመ። ቃኚው ከሞቱ ጀምሮ የኦርጋኑን ሕመም ሁሉ በየቀኑ የጻፍኩበት ወረቀት ነው። ማንም ያየዋል ብዬ አልጻፍኩትም። እሳቸው ግን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ምናልባት አምስት ደቂቃ።

"ይህን የጻፈው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ቧንቧዎቹንስ ማን አጠባቸው?"

"እኔ!" አሉ እትዬ ፍራውኬ ከታች ተነሥተው። "በሶዳ!"

"በሶዳ!" ወይዘሮ ሎህማን ሰገነቱ ጫፍ ላይ መጥተው ጮሁ። "የሦስት መቶ ዓመት ቧንቧ በሶዳ! ሁለተኛ እንዳይደረግ! ገባችሁ? ብረቱን ይበላዋል! ነገ በንጹሕ ውሃ መለቅለቅ አለባቸው፣ ሁሉም፣ አንድ በአንድ!" ትንፋሽ ወሰዱ። "በስንት ሰዓት መልሳችሁ ደረደራችኋቸው?"

"እርስዎ ሻይ ሲጠጡ" አሉ ጋሼ ሂንደርክ።

"አያቴ የግድቡ አገር ሰው ነበሩ" አሉ ወይዘሮዋ። "ማንኪያ የሚደበቀው እሳት ሲነሣ ወይም ላም ስትወልድ እንደሆነ ነግረውኛል። ዘጠኝ ስኒ ጠጣሁ። ላሟ አስቸጋሪ እንደሆነች ገብቶኝ ነበር።"

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው ከቦርሳቸው ሪፖርቱን አወጡ። "የሚያውቀው ሰው የለም" የሚለውን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዙትና ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ።

"ስምህን እዚህ ላይ ጻፍ። ኦርጋኑ የሚቆየው ኃላፊ ካለው ነው። በመስከረም ከሠራተኞች ጋር እመለሳለሁ፣ ወናፉን አዲስ እናደርገዋለን፣ አንተም አብረኸን ትሠራለህ።"

ጥርት አድርጌ ጻፍኩ። እትዬ ቴዳ መጫወቻው ላይ እንደተቀመጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መነጽራቸውን ይጠርጉ ነበር።

ጋሼ ሂንደርክ አንዲት ማንኪያ በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። ወይዘሮ ሎህማን ተቀብለው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቷት። "በመስከረም ይዣት እመጣለሁ" አሉ። "ያኔ መቼ እንደማቆም እኔ እወስናለሁ።"

መኪናዋ ከግድቡ መንገድ ስትታጠፍ መንደሩ ሁሉ እጁን እያወዛወዘ ነበር። እትዬ ፍራውኬ ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ይመለከታሉ።

"እነዚያ ትልልቆቹ የእንጨት ቧንቧዎች እኮ ገና አቧራቸው አልተነካም" አሉ።

"አይነኩም!" አልኩ። ድምፄ ጣሪያው ድረስ ሄዶ ተመለሰ።

እጄን ዘረጋሁ። እትዬ ፍራውኬ እጄን አዩት፣ ፊቴን አዩት፣ ከሽርጣቸው ኪስ የበሩን ቁልፍ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት።